የለሊሴ ተራ

ዛሬ እሑድ ልትጠይቀኝ የመጣችው ልጄ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ የምትከታተለውን ድራማ ታያለች፣ እኔ ከኋላዋ ምስር እለቅማለሁ። ያን ክፍል ጎረቤቴ ዘንድ ቀድሜ አይቼዋለሁ። ሰውየው በሩን ከፍቶ እየሳቀ ሲገባ ሳላስበው «ውይ፣ ምስኪን!» አልኩ። ልጄ እንደ ተተኮሰባት ሰው ዞረችና «እማዬ፣ በእናትሽ! መጨረሻውን እንዳትነግሪኝ!» ብላ ጮኸችብኝ። አፌን ያዝኩ። ትንሽ ቆይቼ ሰፌዱን ይዤ ወደ በረንዳው ወጣሁ፤ ምስሩን ግን አልለቀምኩም። ይህን ቃል በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ነቀምቴ ነው፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ያውም ከሰባት ሰው አፍ በአንድ ጊዜ።

አባቴ የመንገድ ቀያሽ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወደ ነቀምቴ ሲዛወር እናቴ ትንንሾቹን ይዛ ቀረች፤ እኔ ግን «ለአባትሽ ማን ወጥ ይሠራለታል?» ተብዬ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ፣ ኅዳር ላይ፣ ከሱ ጋር ተላክሁ። ወጥ የምሠራለት አባቴ ግን ቤት አይገኝም ነበር። አንዴ በጊምቢ መስመር፣ አንዴ በአርጆ መስመር ድንኳን ውስጥ ይከርምና ጫማው ቀይ ጭቃ ተሸክሞ ይመጣል፤ አንድ ሌሊት አድሮ ተመልሶ ይሄዳል። የሠራሁትን ወጥ እኔው ብቻዬን ስበላው እሰነብታለሁ። ምስር ወጥ አራተኛ ቀኑን ሲይዝ ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚያወጣ ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የተከራየነው አዴ ወርቄ ከሚባሉ ደግ ሴት ግቢ ነው። ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔ «ፋያ» እላለሁ፤ ደህና ማለት ነው። ከዚያ በላይ አልሄድም። እሳቸውም አማርኛቸው ብዙ አይገፋም፣ ስለዚህ ፈገግ ብለን እንተላለፋለን። እሑድ ቤተሰቡ በሙሉ ለብሶ፣ መዝሙር መጽሐፉን ይዞ ወደ ቸርች ሲሄድ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ላይኛው ቤተ ክርስቲያን እወጣለሁ። ብቻዬን ሄጄ ብቻዬን እመለሳለሁ። ከሰዓት በኋላ የመዘምራኑ ድምፅ ከታች ሲመጣ ግቢው ውስጥ እኔና ዶሮዎቹ ብቻ ነን። ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ይባላል። እኔን የጫነኝም የለጎመኝም አልነበረም፤ የሚያናግረኝ ሰው ብቻ ነው ያጣሁት።

በትምህርት ቤታችን እንግሊዝኛው ደህና ለሆነ ተማሪ ብቻ የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ ነበር። መምህራችን ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙ ያልቆየ፣ እንደኔው ከሌላ አገር የመጣ ቀጭን ወጣት ነው። ታኅሣሥ ላይ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ይዞ ገባ። ተማሪዎቹ ስምንት ነን፣ መጽሐፉ አንድ። ከኪሱ ምላጭ አወጣና ዓይናችን እያየ መጽሐፉን ጀርባው ላይ ይተለትለው ጀመር። አንዷ ልጅ ዓይኗን ጨፈነች። ስምንት ቦታ ከፍሎ እያንዳንዱን ቁራጭ በመርፌና በክር ሰፋው፣ የአሮጌ ካላንደር ወረቀት ሽፋን አለበሰው። ሥርዓቱም ይህ ነበር፦ እያንዳንዳችን አንድ ቁራጭ ይዘን እንገባለን፤ በየሁለት ሳምንቱ አርብ የያዝነውን ከኋላችን ላለው እንሰጥና ቀጣዩን ከፊታችን ካለው እንቀበላለን፤ መጨረሻውን የጨረሰ ወደ መጀመሪያው ይዞራል። ከመካከላችን መጽሐፉን በወጉ፣ ከራሱ እስከ ጅራቱ የሚያነበው የመጀመሪያው ቁራጭ የደረሰው ሰው ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ከወገቡ ይጀምራል።

ዕጣ ሲወጣ እኔ አዲስ መጪ ስለነበርኩ የተረፈውን ወሰድኩ። የተረፈው የመጨረሻው ቁራጭ ነበር። ያኔ ነው ሰባቱም ተንጫጭተው «መጨረሻውን እንዳትነግሪን!» ያሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀልድ አልነበረም፤ በዕረፍት ሰዓት ወደነሱ ጠጋ ስል ጆሯቸውን ይዘው ይሸሹ ነበር። ቀድሞውንም የሚያናግረኝ ብዙ ሰው አልነበረም፤ አሁን ደግሞ ላለማናገር ምክንያት ተገኘ።

መጨረሻውን ብቻዬን አነበብኩት። ታሪኩ በአንድ ቀዝቃዛ አገር፣ ባሕር ዳር ስለሚኖር ቤተሰብ ነው። እኔ ስደርስ አንድ አጎት ሞቷል፤ ሰዎች በረዶ እየቆፈሩ ይቀብሩታል፤ ሁሉም ያለቅሳል። ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረገ አላውቅም። እነሱ ሲያለቅሱ እኔ በረዶ በአካፋ ይቆፈራል ወይስ በዶማ እያልኩ አስብ ነበር። የማላውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ሳይጠሩኝ የገባሁ ያህል ተሰማኝ።

የመጀመሪያው ቁራጭ የደረሳት ለሊሴ ነበረች። ለሊሴ የዲጋ ልጅ ናት፤ ከአክስቷ ልጅ ጋር ነቀምቴ ቤት ተከራይታ ትማራለች፣ አርብ ከሰዓት ወደ ቤቷ ሄዳ እሑድ ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። ክቡ ሲዞር እኔ ሁልጊዜ ከሷ ተቀባይ ሆንኩ፤ እሷ ሁለተኛውን ስትይዝ እኔ የመጀመሪያውን፣ እሷ ሦስተኛውን ስትይዝ እኔ ሁለተኛውን። በዚህ ምክንያት አርብ አርብ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ካለው ዋንዛ ሥር መገናኘት ጀመርን። መቀያየሩ በየሁለት ሳምንቱ ነበር፤ እኛ ግን ማንም ሳያዘን በመካከሉ ያለውንም አርብ ጨመርንበት። የዋንዛው ፍሬ በስሎ ይረግፋል፤ እየለቀምን እንመጠዋለን፣ ሙጫው ጣታችን ላይ ቀርቶ ገጾቹን ያጣብቃቸዋል።

ለሊሴ አጎትየውን ወደደችው። እኔ ሲቀበር ያገኘሁት ሰው ለካ ከመጀመሪያው እስከ መካከለኛው ድረስ ቤቱን በሳቅ የሚሞላው እሱ ነው። ውሸታም ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚያህል ዓሣ ያዝኩ ይላል፣ ሲጠየቅ ዓሣው ትንሽ ትንሽ እያለ ያንሳል እንጂ አጎትየው አይረታም።

«ኮቱ፣ የሺ! ነይ ልንገርሽ!» ትለኛለች ገና ከሩቅ። «ይሄ ሰውዬ ቁርጥ የኛን ሰፈር ኦቦ ዲንሳን! እሳቸውም ዴዴሳ ወንዝ ላይ አዞ በጥፊ መታሁ ይላሉ።»

እስቃለሁ። ከዚያ በረዶው ትዝ ይለኛል።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?» አለችኝ የመጀመሪያው አርብ። ፊቴን ትኩር ብላ አየችውና «ዙሪ! ጀርባሽን ስጪኝ! ፊትሽ ያወራል» አለች።

ዞርኩ። እሷም ዞረችና ጀርባዋን ጀርባዬ ላይ ደገፍ አደረገች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአጎትየው ነገር በተነሳ ቁጥር እንደዚያ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈን ነበር የምናወራው። የሚያየን ሰው የተጣላን ይመስለው ነበር። እኔ ግን ስትስቅ ሳቋ በጀርባዬ በኩል ሲመጣ ይሰማኛል። በዚያ ዓመት ሰውነቴ ከሰው ሰውነት ጋር የተነካካው አርብ አርብ ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም።

ቋንቋም አስቸገረን አልልም። ገበያ መሐል እኔ ዲዳ ነኝ፤ አማርኛ ሲሆን ደግሞ እሷ አንዳንዴ ቃል ፈልጋ ሰማይ ሰማይ ታያለች። እንግሊዝኛው ላይ ግን ሁለታችንም እኩል እንንገዳገዳለን። የማናችንም አገር አልነበረም፤ ለዚህ ይሆናል ሁለታችንም የተመቸን። በረዶንም ባሕርንም አላየንም። እሷ ባሕሩን ክረምት ላይ የሞላ ዴዴሳ አድርጋ ነው የምትስለው፣ እኔ ደግሞ እንደ ዓባይ።

ከዲጋ ከምታመጣው ስንቅ እየቆረሰች ትሰጠኝ ነበር። አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራ ሥር የበላሁት ከሷ እጅ ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ቅቤና ቆጭቆጫ ነክቶት። አርብ ስለሚጾም እንቢ ስላት በሌላው ሳምንት ቅቤ ያልነካውን ለብቻ በቅጠል ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች።

መጋቢት ሊያልቅ ሲል ለሊሴ ቀረች። የያዘችው ከመጨረሻው በፊት ያለውን ቁራጭ ነው። በመጀመሪያው አርብ ዋንዛው ሥር ብቻዬን ቆይቼ ተመለስኩ። የመቀያየሪያው አርብ ሲደርስም አልመጣችም፤ የአክስቷ ልጅም የለችም፣ ቤታቸው ቁልፍ ነው። ከፊቷ የነበረው ቶሌራ የሚባል ልጅ የመጨረሻውን ቁራጭ ይዞ ይጠብቃታል፤ ከሷ በቀር ሁላችንም አንብበነው ስለነበር ሌላ የሚፈልገው ሰው የለም። መምህራችን «ዲጋ ሩቅ አይደለም፤ ማን ሄዶ ይጠይቃታል?» ሲል ጥያቄው ሳያልቅ እጄን አወጣሁ። ቶሌራ ቁራጩን እየሰጠኝ «ንገሪያት፣ ተራዋ ነው በያት» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በቆሎ ከጫነ መኪና ላይ ተሳፍሬ ወረድኩ። መንገዱ ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ ሲያዘቀዝቅ ሙቀቱ ከታች ወደ ላይ ይመጣል። ማንጎዎቹ ገና አረንጓዴ ናቸው። በመንገዱ ዳር ዳር ሴቶች ለገበያ ተሸክመው ይወጣሉ፣ አቧራችን ላያቸው ላይ ይቀራል። በልቤ የምነግራትን ሁሉ እየደረደርኩ ነበር፤ ለምን እንደ ቀረች እንኳ አልጠይቃትም፣ ጀርባዬን ብቻ እሰጣታለሁ እያልኩ።

ዲጋ ወርጄ የለሊሴን ቤት የጠየቅኋቸው ሽማግሌ ወደ አንድ የባሕር ዛፍ አጥር አመለከቱኝና በአማርኛ «ለቅሶ ነው የመጣሽው?» አሉኝ። የማን ለቅሶ አልኳቸው። «የእናቷ ነዋ። ወልዳ ነው የሞተችው። ባለፈው ሳምንት ቀበርናት።»

በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ዝም ተብሎ አይገባም። ከአጥሩ ውጭ ነው የሚጀመረው። እኔም ሌላ ስላልተማርኩ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ «ወይኔ እናቴ! ወይኔ እናታችን!» እያልኩ ደረቴን እየመታሁ ገባሁ። ውስጥ የቸርች ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠው ቀስ ባለ ድምፅ ይዘምሩ ነበር። መዝሙሩ ቆመ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ያን ጊዜ እዚህ ቤት እንዲህ እንደማይለቀስ ገባኝ፤ ድምፄ ግን ከአፌ ወጥቷል፣ የሚመለስ አይደለም። አንዲት ሴትዮ እጄን ይዘው «ታኢ፣ ኢንተላ ኮ፤ ተቀመጪ። እሷ እኮ ጌታ ጋር ናት» አሉኝ። መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር።

ለሊሴ በጓዳ በር ወጣች። ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላለች፣ በእጇ የውሃ ማንቆርቆሪያ ይዛለች። አየችኝ። ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና ከሆዷ የወጣ ጩኸት ጮኸች። ሴቶቹ ሊይዟት ሲነሱ ግድግዳው ጥግ የተቀመጡት አክስቷ እጃቸውን አነሱና «ዲሳ፤ ተዉአት» አሉ። ሴቶቹም ተዉአት። እኔና እሷ ተቃቅፈን በየራሳችን ወግ አለቀስን፤ ሕፃኑም ነቅቶ አብሮን አለቀሰ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ለእንግዳው ውሃ ስታቀርብ፣ ሕፃን ስታባብል እንባ ከዓይኗ እንዳልወጣ በኋላ አክስቷ ነገሩኝ። በአገባቤ ማፈሬን የተውኩት ያኔ ነው።

ሰው ቀለል ሲል ከጓሮ ወሰደችኝ። አንጮቴ ተቀቅሎ ነበር፤ የእንግዶቹ በቅቤ፣ የኔ ለብቻው በቆጭቆጫ። «ሁዳዴ አይደል?» አለችኝ። እናቷን ቀብራ የኔን ጾም ታስባለች። ሳላስተርፍ በላሁት።

አጥሩ ላይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟ ታጥቦ ተሰጥቷል። ከታች ተቆርጦ፣ ከጎንና ከጎን ጠቦ፣ በታናሽ እህቷ ልክ ተሰፍቷል። አየሁት። እሷም ማየቴን አየች። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ መግባቱም ገባት።

የያዘችውን ቁራጭ ከቤት አምጥታ ሰጠችኝ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላዋለች። እኔም የመጨረሻውን አወጣሁ።

«ተራሽ ነው» አልኳት።

አልተቀበለችኝም። «ያዢልኝ።»

«አንብቢው፣ እኔ ሌላ ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«አይ። እዚህ ካነበብኩት ምን ልሠራ እመለሳለሁ? አርብ አርብ ዋንዛው ሥር ጠብቂኝ። እመጣለሁ። እዚያ አነበዋለሁ።»

«ለሊሴ፣ አጎትየው...»

«ዝም! ዙሪ።»

ዞርኩ። ከኋላዬ ተቀመጠችና እንደ ልማዳችን ተደገፈችኝ። በጀርባዋና በጀርባዬ መካከል ሕፃኑ ነበር፤ ሲተነፍስ ሙቀቱ ይሰማኛል።

«እንደሚሞት አውቃለሁ» አለች። «ከመጀመሪያው አርብ ጀምሮ አውቃለሁ። አንቺ ምንም መደበቅ አትችይም። አሁን ግን ቀብር ማንበብ አልችልም፣ የሺ። ሌላ አርብ።»

«እሺ፣ ሌላ አርብ» አልኳት።

መኪና እስካገኝ ድረስ መንገድ ዳር ቆማ ሸኘችኝ። «ነጋቲ» አለችኝ፤ በሰላም ሂጂ ማለት ነው። ስንቅ ሰጠችኝ፤ ማን ለማን መስጠት እንደነበረበት ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

ከሷ የተቀበልኩትን ቁራጭ በዚያው ሳምንት አነበብኩት። እኔ መጽሐፉን ጨረስኩ። ከዚያ አርብ አርብ የመጨረሻውን ቁራጭ ይዤ ዋንዛው ሥር መቀመጥ ቀጠልኩ። ፋሲካ መጣ፤ አባቴ ከመስክ ገብቶ ዶሮ አርደን ሁለታችን በላን። ዝናቡ ጀመረ፤ የነቀምቴ ዝናብ ሲጀምር ለወሬ ጊዜ አይሰጥም፣ ቁራጩን ሹራቤ ውስጥ ከትቼ ግንዱን ተደግፌ እቆማለሁ። ቶሌራ አንድ ቀን ሲያልፍ አይቶኝ «አትመጣም እኮ፣ የሺ» አለኝ። «እመጣለሁ ብላለች» አልኩት። ትከሻውን ሰብቆ ሄደ። የሚገርመው፣ በእነዚያ ወራት ቤት ስገባ ዝምታው እንደ ቀድሞው አያስጨንቀኝም ነበር። የሳምንቱ ቀናት የሚሄዱበት ቦታ ነበራቸው።

ማትሪክ ሲቃረብ መምህራችን ቁራጮቹን ሰበሰበ። መጽሐፉን መልሶ ሊሰፋው፣ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ሊያቆየው ነው። የኔ ተራ ሲደርስ «ሁሉም አንብቦታል?» አለኝ።

«አንድ ሰው ይቀረዋል።»

ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። «ፈተናው እስኪያልቅ ያዢው» አለ። ፈተናው አለቀ። የመጨረሻው አርብ ዘነበ። ሰኞ ወስጄ ሰጠሁት፤ ወፍራም መርፌውን አንስቶ እኔ ቆሜ እያየሁ ከሌሎቹ ጋር ሰፋው። በዚያው ክረምት አባቴ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ስልክ የሚባል ነገር ከለሊሴም ከኔም ሩቅ ነበር። ወሬዋን የምጠይቀው ሰውም አልነበረኝም፤ ከሷ በቀር ማንን አውቄ!

እኔም እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ልጆች ፊት ቆምኩ። ለተማሪዎቼ ብዙ መጽሐፍ አስነብቤአለሁ፤ ቆርጬ ግን አላውቅም። ብቸኝነትም ደጋግሞ መጥቶብኛል፤ ባሌ ሲሞት መጥቶ ነበር፣ ልጆቹ በየፊናቸው ሲሄዱም መጥቶ ነበር። አሁን እዚህ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ልጄ ውስጥ ሆና ድራማዋን ስትጨርስ እየሰማሁ፣ ያን የጓሮ ንግግር ደግሜ ደጋግሜ አዳምጠዋለሁ። ለሊሴ እንደማትመለስ ታውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር። ዓመቱ እስኪያልቅ የምጠብቀው ሰው እንዲኖረኝ ብላ ነው እመጣለሁ ያለችኝ። እናቷን በቀበረች በሳምንቷ፣ የእናቷን ሕፃን አዝላ፣ ትምህርቷ እንዳበቃ እያወቀች፣ የኔ አርብ ባዶ እንዳይሆን አሰበችልኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደግ ሰው አይቻለሁ፤ እንዲህ ያሰበልኝ ግን አላገኘሁም። ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር።